የቋራው ካሳና የጎንደር ከተማ

ይህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ሲዘጋጅ ከቀደሙት ታላላቅ ሰዎች የአንዱ የሕይወት ታሪክ እንዲወጣበት ከአባላት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ገዳሪፍ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ምርጫው ሩቅ አልነበረም። ከዚህ ተነሥቶ በጋላባት በኩል መተማ የገባ ሰው ወደ ቀኝ ቢመለከት፣ ያ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራበት ሰፊ ቆላ ወደ ቋራ የሚወስድ ነው። ከዚያ ቆላ የወጣ አንድ ሰው ነግሦ የኢትዮጵያን ታሪክ መልክ ለውጧል። ስለዚህ የዐፄ ቴዎድሮስን ሕይወት ለመጻፍ ወሰንን። ይሁን እንጂ ሁሉም አባል በምርጫው አልተደሰተም። ምክንያቱን ለማስረዳት ከጎንደሩ ጉዟችን መጀመር ይኖርብናል።

ነባር አባላት እንደምታስታውሱት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ማኅበራችን ለሳምንት መጨረሻ ዕረፍት ወደ ጎንደር ጉዞ ያዘጋጅ ነበር። ሱዳን ውስጥ የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነበር የምንነሣው። እስከ ጋላባት ያለው 150 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሜዳ ነው። ድንበሩ ሲመሽ ስለሚዘጋ ተሻግረን መተማ ዮሐንስ እናድራለን፤ የሙቀቱን ነገር ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብናል። ዓርብ ጧት አባዱላ ተኮናትረን ገንዳ ውኃንና ነጋዴ ባሕርን አልፈን ዳገቱን እንያያዘዋለን። አይከል ስንደርስ አየሩ ይለወጣል፤ ገዳሪፍ ተወልደው ብርድ የማያውቁ ልጆቻችን እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ሲንቀጠቀጡ ያስቁን ነበር። ከመተማ 700 ሜትር ከፍታ ተነሥተን ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ወዳለችው ጎንደር የምንገባው ከምሳ በፊት ነው።

ጎንደር አሮጌ ሆቴሎች ያሏት ከተማ ናት። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ገብተው በቆዩባቸው ጥቂት ዓመታት የሠሯት ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ እስከ ዛሬ አሉ። በእኛ ጉዞ አቅም ያለው ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ወዳለው ጎሃ ሆቴል ወጥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ያያል። ማኅበሩ በጅምላ ያሳረፈን ግን ፒያሳ ላይ ባለው ቋራ ሆቴል ነበር። ከዚያ ወጥቶ የፋሲልን ግቢ ለማየት መኪና አያስፈልግም።

በአንዱ ጉዞ፣ ዓርብ ማታ ራት ላይ፣ ከቋራ ወገን የሆነ አንድ ወጣት አባላችን የሆቴሉን ስም አንሥቶ ተደሰተ። በነገሥታቱ ከተማ እምብርት ላይ የቆላው አገሩ ስም መጻፉ አኩርቶት፣ በማኅበራችን አዳራሽ የዐፄ ቴዎድሮስ ሥዕል እንዲሰቀል ሐሳብ አቀረበ። አብዛኛው አጨበጨበ። ጎንደር ተወልደው ያደጉ አንዲት እናታችን ግን እጃቸውን ከገበታው አነሡ። ያ ሥዕል ባለበት አዳራሽ ጠበል ጠዲቅ እንደማይቀምሱ ገለጡ፤ ምክንያታቸውም ንጉሡ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ማቃጠላቸው ነበር። ወጣቱ ያቃጠለው ደርቡሽ ነው ብሎ ተከራከረ። ገበታው ለሁለት ተከፈለ፤ ቡናውም ሳይጠጣ ቀረ። እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች በዚያ ማታ ሁለቱም ወገኖች ታሪኩን በግማሽ እንደሚያውቁት ስለተረዳን፣ ዕድሉ ሲገኝ ሳንዘል እንጽፈዋለን ብለን ነበር። እነሆ አሁን ጻፍነው። እስከ ዘውዱ ድረስ ካሳን እንደ ልጅነቱ አንተ እያልን፣ ከዘውዱ በኋላ በአክብሮት እንጠራቸዋለን። ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ የአካባቢው ባላባት ሲሆኑ፣ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞቱ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ልጃቸውን ይዘው ጎንደር ገቡ። ኑሮ ከበዳቸው። ጠላቶቹ ኋላ ካሳን የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሰደቡት ከዚያ ኑሮ ተነሥተው ነው። ከእኛም መካከል በገዳሪፍ ሱቅ ምድጃ ዘርግተው ሻይና ቡና በመሸጥ ልጆች ያስተማሩ እናቶች ስላሉ፣ ስድቡ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ አይጠፋንም። ካሳ ጎንደርን መጀመሪያ ያወቃት እንግዲህ በልዑል ዓይን ሳይሆን በድኻ ባልቴት ልጅ ዓይን ነው። ይህን ያዙልን።

ለትምህርት የተሰጠው በጎንደርና በጣና መካከል ለሚገኘው ለጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ነበር። ዘመነ መሳፍንት በመሆኑ ገዳምም አላስጣለ፤ በመሳፍንቱ ጠብ ምክንያት ወራሪ ገብቶ ተማሪዎቹን ሲፈጅ ካሳ አምልጦ ዳነ። ከዚያ የሸሸው ወደ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ነው። ክንፉ ደንቢያንና ቋራን ይገዙ ነበርና የካሳ ወታደርነት በእርሳቸው ቤት ተጀመረ።

እዚህ ላይ የምንኖርበት አገር ወደ ታሪኩ ይገባል። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ከ1813 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳንን በጦር ይዞ ነበር፤ የእኛ ሰው ይህን ኃይል በደፈናው ቱርክ ይለው ነበር። ገዳሪፍ ያኔ በሹክሪያ ሼኮች ስም ሱቅ አቡ ሲን የምትባል የገበያ ቦታ ነበረች። መተማ ደግሞ ተክሩሪዎች የሚያስተዳድሯት፣ ለሁለቱም ወገን እየገበረች የምትኖር የነጋዴ ከተማ ነበረች። ለሁለት ጌታ መገበር ምን እንደሚመስል የድንበር ሰው ዛሬም ያውቀዋል። በ1829 ዓ.ም. ደጃዝማች ክንፉ ከዚህ ጦር ጋር ድንበሩ ላይ ወድ ከልተቡ በተባለ ቦታ ተዋግተው ድል አደረጉ። የድንበሩ ሰው ቱርክም እንደሚሸነፍ ያየው ያን ጊዜ ነው፤ ከ11 ዓመት በኋላ ካሳን ያሳሳተውም ይህ ድል ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን።

ክንፉ ሲሞቱ ግዛታቸው የራስ ዓሊ እናት ለሆኑት ለእቴጌ መነን ተሰጠ። ካሳ ከውርሱ ስለተገፋ በቋራ ቆላ ሸፈተ። የዘረፈውን ለገበሬው እያከፋፈለ ማረሻና በሬ እንዲገዛበት ያደርግ እንደነበር ይተረካል። ይህ አገሬውን አስወደደው። በጉልበት ያልቻሉት መነን በጋብቻ ሊያስሩት የልጃቸውን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። የቤተ መንግሥቱ ሰው ስሌት ሌላ ነበር፤ ጋብቻው ግን የእውነት ፍቅር ሆነ። ተዋበች ከአያቷና ከአባቷ ይልቅ ለባሏ ወገነች።

ካሳ እንደገና ሲሸፍት ከመነን ሹማምንት አንዱ ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ አስሮ ለማምጣት ፎከረ። ተሸንፎ ሲማረክ ካሳ ኮሶ አስፈጭቶ ለራት እንዳቀረበለት ይነገራል። በጥር 1839 ዓ.ም. ካሳ ጎንደርን ያዘ፤ በሰኔ ደግሞ እቴጌ መነንን ራሳቸውን በጦርነት ማረከ። ራስ ዓሊ እናታቸውን ለማስለቀቅ ሲሉ የክንፉን ግዛት ለካሳ መለሱለት፤ ደጃዝማችም ተባለ።

ቀጥሎ የመጣው ወደ እኛ ወገን ነበር። በ1840 ዓ.ም. ብዙ ሠራዊት አስከትሎ ሱዳን ወረደና ዳባርቂ በተባለ ቦታ ከግብፅ ጦር ጋር ተጋጠመ። የጠላት ጦር በቁጥር አነስተኛ ቢሆንም መሽጎ መድፍ ይዞ ይጠብቅ ነበር። ጋሻና ጦር የያዘ ጀግና በግልጽ ሜዳ ላይ እየተወረወረ መድፍ ፊት አለቀ። ካሳ በሕይወቱ የደረሰበት የመጀመሪያው ከባድ ሽንፈት ይህ ነው። በእኛ አስተያየት የቴዎድሮስን ቀሪ ዘመን ለመረዳት ከመቅደላ ይልቅ መታየት ያለበት ዳባርቂ ነው፤ መድፍ የመሥራት ጉጉታቸው፣ ሥርዓት ያለው ሠራዊት የማቆም ሐሳባቸው፣ ግብፅን በጥርጣሬ ማየታቸው፣ የአውሮፓን ባለ እጅ መፈለጋቸው፣ ሁሉም ከዚያ ሜዳ የመጣ ነው። ገዳሪፍ ዙሪያ እየኖርን ስለዚህ ጦርነት አለመነጋገራችን ይገርመናል።

ከዚያ በኋላ ያለው ድል ተከታታይ ስለሆነ ባጭሩ እናልፋለን። በ1845 ዓ.ም. በኅዳር ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በሚያዝያ ጎርጎራ ብጭኝ ላይ የራስ ዓሊን አጋሮች፣ በሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ራሳቸውን አሸነፈ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ የሰሜኑንና የትግሬውን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሣ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ውቤ ለራሳቸው ዘውድ ባዘጋጁት በደረስጌ ማርያም፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ስሙ የተመረጠው በሐሰት ዘመን መጨረሻ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል የሚል ትንቢት ስለነበረ ነው።

የሥራቸው ዝርዝር ለእያንዳንዱ ተማሪ የታወቀ ነው። ወሎንና ሸዋን አስገበሩ፤ የባሪያ ንግድን ከለከሉ፤ ወታደር ገበሬውን እየዘረፈ እንዳይኖር ደመወዝ ሊቆርጡለት ጀመሩ፤ መንገድ ሲሠራ ራሳቸው ድንጋይ ተሸከሙ። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ያስፈልግ ነበርና የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለመቀነስ፣ ለየደብሩ ጥቂት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ እንዲተዉ ጠየቁ። ከካህናቱ ጋር የተቃቃሩት በዚህ ነው። ካህናት ደግሞ ከየትም ይልቅ የሚበዙት ጎንደር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያላከበረቻቸውን ያችን ከተማ መናገሻ አላደረጓትም፤ ድንኳን ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ሲቀመጡም ደብረ ታቦርን መረጡ።

በ1850 ዓ.ም. እቴጌ ተዋበች ሞቱ። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች ተወግቶ ሞተ፤ በዚያው ዘመን መጨረሻ አካባቢ አማካሪያቸው ጆን ቤል ለእርሳቸው ሲከላከል ወደቀ። ቁጣቸውን የሚያበርድ ሰው በአጠገባቸው አልቀረም። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ታሪክ የጭካኔ ነው፤ ያንን ለማድበስበስ አንሞክርም።

በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነትና ባለ እጅ የሚጠይቅ ደብዳቤ ላኩ። መልስ አልመጣም። ደብዳቤውን እንዲያደርስ የተላከው አዲሱ ቆንስል ካሜሮን ግን በባሕር ዳርቻ በኩል ደብዳቤውን ሰድዶ፣ እርሱ በከሰላና በመተማ በኩል ዞሮ ተመለሰ። ከሰላ ያኔ የግብፅ ጦር ከተማ ነበረች። ለዳባርቂው ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ የላኩት መልእክተኛ ከጠላታቸው ቤት ውሎ መጣ ማለት ነው። በጥር 1856 ዓ.ም. ካሜሮን ታሰረ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ተከተሉት። እስረኞቹን ለማስፈታት የተላከው ራሳም የመጣውም በዚሁ በእኛ መንገድ፣ ከምጽዋ በከሰላ በኩል ሲሆን፣ በኅዳር 1858 ዓ.ም. መተማ ደረሰ። ዓለምን ያነጋገረው የእስረኞቹ ጉዳይ እንዲህ ሆኖ ዛሬ ሰሊጥ በሚጫንበት መንገድ ላይ ይመላለስ ነበር።

አሁን እናታችን እጃቸውን ከገበታ ወዳነሡበት ነገር እንመጣለን። በ1858 ዓ.ም. አካባቢ አገሩ በሙሉ ከሞላ ጎደል አምፆ ነበር። 60 ሺህ ይባል የነበረው ሠራዊት ወደ 10 ሺህ ወርዷል። ወልቃይት የሸፈተው ጢሶ ጎበዜ በጎንደር ዙሪያ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ከተማይቱም ልቧ ወደ ሽፍታው ነው ተብላ ተጠረጠረች። ቴዎድሮስ ቀደም ሲል አንድ ጊዜ ዘርፈዋት ነበር። በ1859 ዓ.ም. በኅዳርና በታኅሣሥ መካከል ግን ጎንደር የገቡት ለመጨረስ ነበር። የአብያተ ክርስቲያናቱ ወርቅና ብር፣ መስቀሉ፣ ከበሮው፣ ደወሉ፣ የብራና መጻሕፍቱ ተጭነው ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ። ከዚያ ከተማይቱ በእሳት ተለቀቀች። ነዋሪው ተበተነ፤ ከግንቡም ከቤተ ክርስቲያኑም አብዛኛው ተቃጠለ። ያደረጉት ንጉሡ ራሳቸው ናቸው። ደርቡሽ ያኔ አልተነሣም ነበር።

ወጣቱ አባላችንም ከባዶ አልተናገረም። በጥር 1880 ዓ.ም. የማህዲው ጦር በአቡ አንጃ መሪነት በመተማ በኩል ወጥቶ ጎንደርን ዳግመኛ አቃጠለ፤ ከፊተኛው እሳት የተረፉትና የታደሱት አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ጠፉ። በሚቀጥለው ዓመት ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የተሠዉት በዚሁ ጠብ ነው። ስለዚህ እሳቱ ሁለት ነው፤ በመካከላቸው 21 ዓመት አለ። ሁለቱንም አልፋ የቆመችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት። ደርቡሾቹን ንብ አባረራቸው ይላል የከተማው ሰው። በመጀመሪያው እሳት ጊዜ ለምን እንደተረፈች የሚነግረን አላገኘንም።

ከጎንደር የተወሰዱት መጻሕፍት ጉዞ ግን እዚያ አላበቃም። ቴዎድሮስ ሁሉንም ወደ መቅደላ አስወጡት፤ እዚያ መድኃኔ ዓለም የሚባል ታላቅ ደብር ተክለው በመጻሕፍቱ ሊያከብሩት አስበው ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለ እጆችን አስገድደው ያሠሩትንና ሴባስቶፖል ያሉትን መድፍም በዚያው ክረምት ማግሥት ይጎትቱ ጀመር። መድፉ ወደ 7 ቶን ይመዝን ነበር። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ ንጉሡም ከወታደሩ ጋር ገመድ እየጎተቱ መቅደላ አወጡት። በዳባርቂ የተመኙትን መድፍ በ20 ዓመታቸው አገኙ። ለውጊያው አልጠቀማቸውም።

የጄኔራል ናፒየር ጦር ከህንድ መጥቶ፣ 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ፣ በስቅለት ዕለት አሮጌ ሜዳ ላይ ጦራቸውን አሸነፈ። ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን እስረኞች ለቀቁ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። በትንሣኤ ማግሥት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ እንግሊዞች በሩን ሰብረው ሲገቡ ከንግሥቲቱ በስጦታ ባገኙት ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። በመድኃኔ ዓለም ተቀበሩ። ምሽጉ ተዘረፈ፤ ዝርፊያውን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳጓጓዘው ይነገራል። ከመጻሕፍቱ ወደ 350 የሚጠጉት ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ። ሰባት ዓመት ገደማ የነበረው ልጃቸው ዓለማየሁ እንግሊዝ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዊንድሰር ተቀበረ። ከንጉሡ ራስ የተቆረጠው ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። መጻሕፍቱ ለንደን ናቸው። ለእናታችን ስንነግራቸው፣ የጎንደር ካህናት በእጃቸው የጻፉትን ብራና ለማየት ጎንደሬ ሰው ለንደን ድረስ መሄድ እንዳለበት ሲሰሙ ከእሳቱ ይልቅ ይህ አንገበገባቸው።

ሥዕሉ ጉዳይ በጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ ነበር፤ ውሳኔ ሳያገኝ በይደር ቆይቷል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ አባሎቻችን ስለተበተኑ ጉባኤውም እንደ ቀድሞው አይሞላም። በጎንደር በኩልም መንገዱ ታወከና ጉዞው ቀረ።

የዚያን ጊዜ እሑድ ጧት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት አይተን፣ ለመመለስ ስንሰናዳ የማስታወሻ ፎቶግራፍ ተነሣን። ወጣቶቹ ፒያሳ ካለው የቴዎድሮስ ሐውልት ሥር እንነሣ ብለው ነበር፤ እናታችን እሺ ስላላሉ በሆቴሉ በር ላይ ተሰለፍን። ፎቶውን በሚቀጥለው ገጽ አውጥተነዋል። ነጠላቸውን ተከናንበው ከዳር የቆሙት እርሳቸው ናቸው፤ ከራሳቸው በላይ ካለው የሆቴሉ ጽሑፍ የሚነበበው ቋራ የሚለው ብቻ ነው፣ ቀሪውን የዛፉ ቅርንጫፍ ሸፍኖታል። ክንዳቸውን የደገፈው ያ ወጣት ነው።